የጫማ ክር

ቅዳሜ ማለዳ፣ አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
ግማሹ ጭቃ ነው፣ ግማሹ ያምና ስንዴ ገለባ፤
ካስማ ቆሞበታል፣ ጫፉን ቀይ የተቀባ፣
ነገ ከነገ ወዲያ ሕንፃ ሊገነባ።

እስከዚያው የኛ ነው።
ሁለት ድንጋይ ወዲህ፣ ሁለት ጃኬት ወዲያ፤
መስመሩን በተረከዜ ጫርኩት፣ ካፊያው መጥቶ ጠጣው።
እኔማ ማን ነኝ ካላችሁ፣ ሰፈር የሚያውቀኝ ፍሪጅ ጠጋኝ፣
በሳምንት ለሁለት ሰዓት ብቻ አሰልጣኝ።
ፊሽካዬ እንኳ የውሰት ነው፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጎረቤቴ፤
እሱ ሲነፋው ሲኖትራክ ያቆማል፣
እኔ ስነፋው አንድ ልጅ አይቆምልኝም።

አሰልጣኝነት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦
ጫማ ማሰር ነው።
አሥራ አንድ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ጫማ፣
አንዱ ክሩ የረዘመ፣ አንዱ በሲባጎ የታማ፣
ያንዱ የታላቅ ወንድም ነው፣ ጫፉ በጨርቅ የተሞላ።
ይህን ሳስር ያ ይፈታል፣ ያን ሳስር ደግሞ ሌላ።
ጉልበቴ ላይ ሁለት ክብ ጭቃ ይዤ ቤቴ ስገባ
ባለቤቴ ታየኝና፣
«ዛሬ ስግደት ነበር እንዴ?» ትለኛለች።

«ተበተኑ! ቦታ ቦታችሁን ያዙ!» እላለሁ።
ማን ሰምቶኝ።
ኳሷ ስኳር ናት፣ እነሱ ጉንዳን፤
የአባዶ ልጆችና የኛዎቹ ባንድ ክምር ተጋጥመው
ይሽከረከራሉ፣ እግር በእግር ሆነው።
ኤፍራታ ተከላካይ ናት፤
ዛሬ የምትከላከለው አንዲት ጥንዚዛ ነው፣
ማንም እንዳይረግጥባት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች።
በረኛው ዘከሪያ «ሽንቴ መጣ» አለና
ጎሉን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቶ ሄደ።
ሚልኪያስ በየሁለት ደቂቃው፣
«ስንት ለስንት ነን?»
«እኩል» እለዋለሁ።
አምስት ለዜሮ እየተመራን ነው።

የሚልኪያስ አባት፣ አቶ ደስይበለው፣ ጃንጥላ ይዞ ዳር ላይ፣
«ግባበት! በለው! ምን ትፈዛለህ አንተ!» ይላል።
ልጁ ኳስ ሲደርሰው አስቀድሞ የሚያየው
ጎሉን አይደለም፣ ያባቱን ፊት ነው።
ብዙ ልለው አስቤ ነበር፣ ሌሊቱን ሁሉ ስሰካካው ያደርኩት።
አፌ ላይ የመጣው ግን፦
«ጋሼ፣ የዚያችን ልጅ ክር ቢያስሩልኝ?»
ጃንጥላውን አጠፈ። ተንበረከከ።
ተንበርክኮ የሚጮህ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ፊራኦል ከየካቲት ጀምሮ ይመጣል፣ ኳስ ነክቶ ግን አያውቅም።
ዳር ቆሞ ጥፍሩን ይበላል፤
«ና» ስለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣
«እሺ ተወው» ስለው ሁለት።
ዛሬ ኳሷ ከጉንዳኑ መሃል ሾልካ
ተንከባላ ተንከባላ እግሩ ሥር ተቀመጠች፣
ቤቷ እንደጠፋባት ዶሮ።
አያት።
አየኝ።
ከዚያ ሮጠ፤
ክሩ ተፈትቶ ኋላው እየተጎተተ፣
ወደ ራሳችን ድንጋይ፣ ዘከሪያ ወደሌለበት።
ፊሽካው ከንፈሬ ላይ ነበር። ትንፋሼም ነበር።
አልነፋሁም።

ገባ።

ሜዳው አንዴ ጭጭ አለ።
ከዚያ ኤፍራታ ጥንዚዛዋን ትታ ጮኸች፣
ሁሉም ሄደው ተከመሩበት፣ የአባዶዎቹም ሳይቀሩ፤
ለማን እንደገባ የጠየቀ የለም።
ሚልኪያስ እንኳ «ስንት ለስንት» አላለም።
አቶ ደስይበለው ብቻ ወደኔ ዞሮ አፉን ሲከፍት፣
ቶሎ ብዬ ሌላ የተፈታ ክር አሳየሁት።

ሙዝ አደልኩ። ጃኬት ባለቤቱን አገኘ።
ደብተሬ ላይ «ፊራኦል፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ፣
በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳልጽፍ።
ከቀዮቹ ካስማዎች አንዱ ጭቃው ላይ ወድቋል።
ማን እንደረገጠው አልጠየቅሁም፤
መልሼም አልተከልኩት።